የዘመድ ገዳም፦ ስለ አዮና ደሴት የተደረገ ንግግር

(ቅዳሜ ማታ በቃል ያቀረብኩትን ነው እዚህ ያሰፈርኩት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከአንድ የተሰበረ ድንጋይ ልነሳ።

አዮና ደሴት ላይ፣ በገዳሙ ሙዚየም ውስጥ፣ የድንጋይ መስቀል ግንድ አለ። ራሱና ክንዶቹ የሉም። በቀረው ግንድ ላይ በላቲን ተጽፏል። ወደ እኛ ስንመልሰው እንዲህ ይላል፦ ይህ የላክላን ማኪነንና የልጁ የዮሐንስ፣ የአዮናው አበምኔት፣ መስቀል ነው፤ በ1489 ተሠራ። ድንጋዩ ላይ መርከብም ተቀርጿል። የዚያ አገር መኳንንት ለጦርነትም ለጉዞም የሚጠቀሙበት ባለ ሸራና ባለ መቅዘፊያ መርከብ ነው።

አባትየው የጎሳ አለቃ ነው። ልጅየው መነኩሴ፣ ያውም የመነኮሳት አለቃ። እኛ ዘንድ ሰው ሲመነኩስ ከዓለም ሞቷል ተብሎ ጸሎተ ፍትሐት ይደርስበታል። እዚህ ግን ልጁ ከመነኮሰ በኋላም የአባቱ ልጅ ነው። ስማቸው አንድ ድንጋይ ላይ አብሮ ተጽፏል፤ የጎሳው መርከብም እዚያው አለ። የአባትየው ስም ደግሞ ቀድሟል!

መጀመሪያ ሳየው ነገሩ ብልሹነት መስሎኝ ነበር። በደጉ ዘመን ገዳሙ የጸሎት ቤት ነበር፣ ኋላ ጎሳ ገባበትና ተበላሸ ብዬ ደመደምኩ። ብዙ ሰው ታሪኩን የሚያወራው እንደዚህ ነው። ጠጋ ብዬ ሳነብ ግን እንደዚያ አይደለም። ጎሳ አዮና ላይ ከውጭ መጥቶ የገባበት ቀን የለም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው ነበር። ዛሬ የምነግራችሁ ይሄንኑ ነው።

ደሴቷ ትንሽ ናት። ከስኮትላንድ በስተ ምዕራብ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ናት። ርዝመቷ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወርዷ ሲበዛ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። ከግላስጎው በባቡር ኦባን ወደምትባል የወደብ ከተማ ይኬዳል። ከዚያ በትልቅ መርከብ ወደ መል ደሴት። መል ላይ ደግሞ አውቶቡስ ተይዞ፣ አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፍ መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል። መጨረሻ ላይ በአነስተኛ ጀልባ አስር ደቂቃ። እንግዳ መኪናውን ይዞ አይገባም። እኔ የሄድኩ ቀን ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከጎን ነበር የሚመጣው፤ የያዝኩት ጃንጥላ ገና ከጀልባው ሳልወርድ ተገለበጠ። «ምን አባታቸው ሊሠሩ እዚህ መጡ?» አልኩ በልቤ።

ጥያቄው ግን የዘመናችን ሰው ጥያቄ ነው። ለእኛ የዓለም ጠርዝ ነው። በዚያን ጊዜ መንገድ ማለት ባሕር ነበር። ከሰሜን አየርላንድ ቀና ብሎ የሚቀዝፍ ሰው አዮናን በመንገዱ ላይ ያገኛታል። በየብስ ተራራና ረግረግ አቋርጦ ከሚሄደው ይልቅ በባሕር የሚሄደው ይቀድማል። ስለዚህ አዮና መሀል ላይ ነበረች እንጂ ዳር ላይ አልነበረችም።

በ563 ከአየርላንድ አንድ መነኩሴ ከ12 ተከታዮቹ ጋር መጣ። ስሙ ኮሎምባ ነው፤ በአገሩ ቋንቋ ኮለም ኪሌ፣ የቤተ ክርስቲያን ርግብ ማለት ነው። ስለ ስሙ አንድ ነገር ልንገራችሁና እንለፍ። ደሴቷ ጥንት በላቲን የምትጻፈው አዮና ተብላ አልነበረም፤ ኢዮዋ ይመስል ነበር። ገልባጮች አንዷን ፊደል በሌላ አሳስተው አነበቡና አዮና ሆና ቀረች። በዕብራይስጥ ደግሞ ዮና ማለት ርግብ ነው፣ የነቢዩ ዮናስ ስም። የቅዱሱን ገድል የጻፈው አዶምናን ራሱ መቅድሙ ላይ ዮናና ኮሎምባ አንድ ትርጉም አላቸው ይላል። ስለዚህ የገልባጭ ስህተት ደሴቷን በቅዱሷ ስም ጠራት። እንዲህ ያለ ስህተት እኔም ቢያጋጥመኝ አላርመውም።

ወደ ኮሎምባ እንመለስ። ስሙ ርግብ ይሁን እንጂ ቤቱ የንሥር ቤት ነው። የተወለደው በ521 ገደማ፣ ከሰሜን አየርላንድ ገዢ ቤተሰብ ነው። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት ብላችሁ አንድ እርከን ስትጨምሩ ኒያል የሚባለው ዝነኛ ንጉሥ ጋ ትደርሳላችሁ። እዚያ አገር ዙፋን ከአባት ለበኩር ልጅ የሚተላለፍ አልነበረም። ከአንድ ቅድመ አያት የሚወለዱ ወንዶች ሁሉ ይፎካከሩበታል። ስለዚህ ኮሎምባ ባይመነኩስ ኖሮ ለንግሥና የሚታሰብ ሰው ነበር።

ለምን ከአገሩ ወጣ? ከብዙ ዘመን በኋላ የተጻፈ አፈ ታሪክ አለ። ኮሎምባ የመምህሩን መጽሐፍ ሳያስፈቅድ ገለበጠ። መምህሩ ቅጂው የእኔ ነው አለ። ነገሩ ንጉሡ ዘንድ ቀረበ። ንጉሡም ፈረደ፦ ለእያንዳንዷ ላም ጥጃዋ፣ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ቅጂው። ኮሎምባ ተናደደ፣ ዘመዶቹም አብረውት ተናደዱ፣ በ561 ጦርነት ሆነ። አፈ ታሪኩን አልምልበትም። ጦርነቱ ግን ተደርጓል፣ የተዋጉትም የእሱ ወገኖች ናቸው፣ እሱም ከሁለት ዓመት በኋላ አገር ለቋል። በእሱ እጅ ተጽፏል የሚባል ዳዊትም ደብሊን ውስጥ አለ። ስሙ «ተዋጊው» ነው። ከኮሎምባ ወገን የሚወለዱት የኦዶኔል ጎሳ ሰዎች ከውጊያ በፊት ሦስት ጊዜ በሠራዊቱ ዙሪያ ያዞሩት ነበር። ታቦት ይዞ መዝመትን ለምናውቅ ሰዎች ይሄ እንግዳ አይሆንብንም።

ኮሎምባ አዮና ላይ ምን አደረገ? ጸለየ፣ ጻፈ፣ አነገሠም። በ574 የአካባቢው ንጉሥ ሞተና ተተኪ ሲፈለግ ኮሎምባ የወደደው ኢዮጋናንን ነበር። አዶምናን የሚተርከው እንዲህ ነው። መልአክ በሌሊት የመስተዋት መጽሐፍ ይዞ መጣ። መጽሐፉ ላይ የተጻፈው የወንድምየው የኤይዳን ስም ነው። ኮሎምባ አሻፈረኝ አለ። መልአኩ በአለንጋ ጎኑን ገረፈው፤ ሰንበሩ ዕድሜ ልኩን አልጠፋም። ይሄ ሦስት ሌሊት ተደጋገመ፣ ኮሎምባም ኤይዳንን እዚያው አዮና ላይ ባርኮ አነገሠ። እኔ ታሪኩን የምወደው ገድሉ ቅዱሱን አድልዎ የሌለበት ሰው አድርጎ ስለማያቀርበው ነው። ለመልአክ እንኳ ሹመት በቀላሉ የማይለቅ ሰው ነው።

ደግሞም በዚያው ገድል ውስጥ ሌላ ኮሎምባ አለ። ሊሞት ሲል የወተት ዕቃ ይሸከም የነበረው ነጭ ፈረስ መጥቶ ራሱን ደረቱ ላይ ጥሎ አለቀሰ። አገልጋዩ ሊያባርረው ሲል ቅዱሱ ተወው አለ። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ዳዊት ሲገለብጥ «እግዚአብሔርን የሚፈልጉት ግን ከመልካም ነገር ሁሉ አይጎድሉም» የሚለው ቃል ላይ ደረሰ። እዚህ ላይ ላቁም፣ የቀረውን ባይቴን ይጻፈው አለ። በዚያው ሌሊት ዐረፈ፣ በ597።

ባይቴን ማን ነው? የአጎቱ ልጅ።

አያችሁ አይደል? ዳዊቱም ለዘመድ ነው የተላለፈው። ከባይቴን በኋላ የመጡትም አበምኔቶች አብዛኞቹ ከዚያው ቤት ናቸው። ገድሉን የጻፈው ዘጠነኛው አበምኔት አዶምናንም ዘመድ ነው። የአበምኔት ተተኪ በአየርላንድ ቋንቋ የሚጠራበት ቃል ወራሽ ማለት ነው፤ ርስት ለሚወርስ ሰው የሚሉት ያንኑ ቃል ነው። «ክላን» የሚለው ቃል ራሱ ልጆች ማለት ነው። አበምኔት የቅዱሱ ወራሽ ነው፣ ቅዱሱ ደግሞ ልጅ ስላልወለደ ወራሹ የወንድም ወይም የአጎት ዘር ይሆናል።

እዚህ ላይ «ታዲያ ይሄ ሙስና አይደለም?» የሚል ጥያቄ መጣ። እኔ የምመልሰው በአንድ ምሳሌ ነው። በ697 አዶምናን አየርላንድ ውስጥ ትልቅ ጉባኤ ጠርቶ ሕግ አወጣ። በጦርነት ጊዜ ሴት፣ ሕፃንና ካህን እንዳይነካ የሚል ሕግ ነው። የነካ ካሳ ይከፍላል። ዋስ ሆነው ስማቸው የሰፈረ ነገሥታትና ካህናት 91 ናቸው። በዚያ ዘመን ይሄን የሚያህል ነገር ማን ሊያስማማ ይችላል? ከነገሥታቱ ዋነኛው የነበረው ሎይንግሼክ የአዶምናን የገዛ ወገን ነበር። ዘመድነቱ ባይኖር ሕጉ ብራና ላይ ይቀር ነበር። ካሳው በከፊል ወደ አዮና እንደሚገባም አልደብቃችሁም።

ይሄው ወገንተኝነት ግን ግትርም ያደርጋል። የፋሲካ ነገር አለ። አዮና ፋሲካን የምታሰላው በ84 ዓመት ዙር ነበር። ሮም ደግሞ ከእስክንድርያ የመጣውን የ19 ዓመት ዙር ይዛለች። ያ የእኛው ባሕረ ሐሳብ የቆመበት የ19 ዓመት ዙር ነው፤ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በ664 እንግሊዝ አገር ዊትቢ ላይ ክርክር ተደረገ፣ የአዮና ወገን ተረታ። መነኮሳቱ ግን የኮሎምባን ሥርዓት አንለቅም አሉ። አዶምናን ራሱ አምኖ ሊያሳምናቸው ቢሞክር አልሰሙትም። የተቀበሉት በ716 ነው። ከ50 ዓመት በላይ! የአባትን ልማድ መተው አባትን መካድ ስለመሰላቸው ነው እንጂ ስሌቱ አስቸግሯቸው አይመስለኝም።

ስለ ቫይኪንጎች ብዙ አልልም፣ ሁሉም ሰው ያወራቸዋል። በ795 መጡ፣ በ802 አቃጠሉ፣ በ806 68 ሰው ገደሉ። በ807 አየርላንድ ውስጥ ኬልስ የሚባል ቦታ አዲስ ገዳም መሥራት ተጀመረ። በ849 የቅዱሱ ንዋያት ለሁለት ተከፍለው እኩሉ ወደ ኬልስ፣ እኩሉ ወደ ስኮትላንዷ ደንኬልድ ሄደ። አዮና ባዶ አልቀረችም፣ ግን ደከመች። ደሴቶቹን የያዙት ኖርዌጂያውያን ውለው አድረው ክርስቲያን ሆኑ፣ ከአገሬው ተጋቡ፣ ልጆቻቸው የደሴቶቹ መኳንንት ሆኑ።

ከነዚህ ልጆች አንዱ ሶመርሌድ ነው። ስሙ የኖርዌይ ቋንቋ ነው፣ የበጋ ተጓዥ ማለት ነው፤ በዚያ ወራት በመርከብ የሚወጡትን ያስታውሳል። ሰውየው በ12ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኞቹን ደሴቶች ያዘ። መሬት ያዘ፣ መርከብ ያዘ። የቀረው ቅዱስ ነበር። በ1164 አየርላንድ ውስጥ የኮሎምባ ገዳማት ሁሉ አለቃ የነበረውን የዴሪን አበምኔት ወደ አዮና ላምጣ ብሎ መልእክት ላከ። የአየርላንድ ሰዎች ከለከሉ። በዚያው ዓመት ሶመርሌድ ከስኮትላንድ ንጉሥ ሰዎች ጋር ሲዋጋ ሬንፍሩ አጠገብ ሞተ።

ልጁ ራናልድ በሌላ በር ገባ። ከአየርላንድ መለመኑን ትቶ በ1200 ገደማ ከአውሮፓ የመጣውን የቤኔዲክታውያን ሥርዓት አዮና ላይ ተከለ። በ1203 ፖፕ ኢኖሰንት ሦስተኛ ለአዲሱ አበምኔት ለኬለስቲን የጥበቃ ደብዳቤ ጻፉለት። የአየርላንድ ካህናት ይሄን ሲሰሙ እንደ ስርቆት ቆጠሩት። በ1204 ሁለት ጳጳሳት፣ የዴሪና የአርማ አበምኔቶች፣ ብዙ ካህናትም ተከትለዋቸው፣ ባሕር ተሻግረው ደሴቷ መሀል የተሠራውን ገዳም አፈራረሱት።

እስቲ አስቡት። ጳጳሳት ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከጀልባ ሲወርዱ፣ ከዚያ የገዳም ግድግዳ ሲንዱ። ሥራው ግን ዋጋ አልነበረውም። ቤኔዲክታውያኑ ጸንተው ቆዩ። ዛሬ የሚታየው ትልቁ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን የእነሱ ነው፣ እየፈረሰና እየተጠገነ እዚህ የደረሰ።

ከታዳሚው አንዲት እህት «ሴቶቹስ የት ሄዱ?» አለችኝ። ጥሩ ጠየቀች። ራናልድ የሴቶች ገዳምም አቁሟል፣ የአውግስቲናውያንን ሥርዓት የሚከተል። የመጀመሪያዋ እመምኔት ማን ትመስላችኋለች? እህቱ ቤሆክ። ወንድም ገዳም ይሠራል፣ እህት ትመራዋለች። የአገሩ ሰው ቤተ ክርስቲያናቸውን ጥቁሯ ይላት ነበር፣ በመነኮሳይቱ ልብስ ቀለም። ፍርስራሹ ከጀልባው ወርዳችሁ ጥቂት እንደተራመዳችሁ ይገኛል። ድንጋዩ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው። የወንዶቹ ገዳም ተጠግኖ ጣሪያ ሲለብስ የሴቶቹ ሰማይ እንዳየ ቀርቷል። ለእኔ ከደሴቷ ሁሉ የሚያምረው ቦታ ያ ነው።

ከራናልድ ልጅ ከዶናልድ የክላን ዶናልድ ሰዎች መጡ፤ «ማክ» ማለት የእገሌ ልጅ ነውና ማክዶናልድ ተባሉ። (አዎ፣ ሳንድዊቹም የተሰየመው በዚሁ ስም ነው።) በ1266 የኖርዌይ ንጉሥ ደሴቶቹን ለስኮትላንድ ለቀቀ። ግን የስኮትላንድ ንጉሥ ሩቅ ነው፣ ማክዶናልድ ቅርብ ነው። በ1336 ጆን የሚባለው አለቃ ራሱን በላቲን «የደሴቶቹ ጌታ» ብሎ ጻፈ። መቀመጫቸው አይላ በምትባል ሌላ ደሴት፣ ሐይቅ መሀል ነበር። አዲስ ጌታ ሲሾም ነጭ ልብስ ይለብሳል፣ የእግር ዱካ የተፈለፈለበት ድንጋይ ላይ እግሩን ያሳርፋል፣ ነጭ በትርና ሰይፍ ይቀበላል። ጳጳስና ካህናት ይባርኩታል። ድንጋዩ የአባቶቹን ዱካ እከተላለሁ ማለት ነው።

መሾሚያው አይላ፣ መቀበሪያው አዮና። ጆን በ1386 ገደማ ሞተ። የጎሳው ገጣሚዎች ጽፈው ያቆዩት ታሪክ ሲናገር፣ አስከሬኑ በመርከብ ወደ አዮና ሲመጣ አበምኔቱ፣ መነኮሳቱና ካህናቱ ወጥተው ተቀበሉት፤ የደሴቶቹን ንጉሥ መቀበል ልማዳቸው ስለሆነ። ስምንት ቀንና ስምንት ሌሊት ጸሎት ተደረሰ። ከዚያ ቅዱስ ኦራን በሚባለው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ከአባቱ አጠገብ ተቀበረ። ያቺ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አለች። በመቃብሩ ቦታ አጠገብ የሙታን ጎዳና የሚባል በድንጋይ የተነጠፈ መንገድ ነበር፤ ከፊሉ ዛሬም ይታያል። በ1549 ደሴቶቹን የጎበኘ አንድ ካህን እዚያ 48 የስኮትላንድ፣ 8 የኖርዌይና 4 የአየርላንድ ነገሥታት ተቀብረዋል ብሎ ጽፏል። ታሪክ ጸሐፊዎች ቁጥሩን አያምኑበትም። እኔም አላምንም፤ ግን ሰው ሲዋሽ እንኳ ንጉሥ ማለት አዮና የሚቀበር ነው ብሎ ማሰቡን ያሳያል።

አሁን ወደ ማኪነኖች።

ማኪነን ማለት የፊንጎን ልጅ ማለት ነው። ለደሴቶቹ ጌታ የሚገዙ፣ መል ላይ መሬት ያላቸው ጎሳ ናቸው፤ ከአዮና ማዶ ማለት ነው። ጆን በሞተበት ዘመን የአዮና አበምኔት የነበረው ራሱ ፊንጎን ይባላል። አረንጓዴው አበምኔት ይሉታል። አንደበቱ ርቱዕ፣ ተንኮሉ ጥልቅ ነበር ይባላል። ጌትነቱ ለሟቹ ልጅ ለዶናልድ ሲደርስ አበምኔቱ የዶናልድን ታናሽ ወንድም፣ እሱም ጆን የሚባለውን፣ ድርሻህ አነሰ እያለ አነሳሳው። አመፅ ሆነ፣ አመፁም ከሸፈ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የማክዶናልዶች ታሪክ እንደሚለው የማኪነን አለቃ ተሰቀለ። አበምኔቱ ግን የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው ተብሎ ሕይወቱ ተረፈለት። ቅጣቱ ከአዮና እንዳይወጣ ሆነ።

ከገዳም አለመውጣት ለመነኩሴ ቅጣት ሆነ እንግዲህ!

በኋላ ወደ ሮም በተላከ አቤቱታ ደግሞ ይሄው ፊንጎን ከትልቅ ቤት የተወለደች ቁባት እንደነበረችው፣ ከእሷ እንደወለደ፣ የገዳሙን ሀብት በእነሱ ላይ እንዳጠፋ ተጽፏል። ከሳሹ ተከታዩ አበምኔት ዶሚኒክ ነው። ዶሚኒክ ከ1421 ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ ገዳሙን መራ። የፈረሰውን አነሳ። ጥሩ አስተዳዳሪ ይመስላል፤ ስለሱ የሚወራ ታሪክ ግን የለም። ተንኮለኛው ቅጽል ስም አገኘ፣ ሠራተኛው ተረሳ። ዶሚኒክ ሲሞት ሹመቱ ተመልሶ ለማኪነኖች ሆነ፣ ለዮሐንስ።

ፊንጎን ሌባ ነበር ብሎ መዝጋት ይቀላል። አመፁን ያከሸፈው ዶናልድ ግን ለዚያው ገዳም ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። ለኮሎምባ እጅ አጽም የወርቅና የብር መሸፈኛ አሠራ። ጌትነቱን ለልጁ ካስተላለፈ በኋላም ወደ መነኮሳቱ ማኅበር ገባ ይባላል። አበምኔቱ ከድቶታል፣ ገዳሙ ግን የእሱ የራሱ ነው፤ የቅድመ አያቶቹ አጥንት ያለበት ነው። ወርቁንም ሸፍጡንም ያመጣው አንድ መንገድ ነው። ዘመድ ባይሆኑ ኖሮ ሁለቱም አይመጡም ነበር።

በ1493 የስኮትላንድ ንጉሥ ጄምስ አራተኛ የደሴቶቹን ጌትነት ሻረ። መስቀሉ በተተከለ በአራት ዓመቱ ነው። ዮሐንስ ማኪነን በ1500 ሞተ፤ የመጨረሻው ትክክለኛ አበምኔት እሱ ነው። ምስሉ በድንጋይ ተቀርጾ፣ ከነአልባሳተ ክህነቱ ተጋድሞ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ይታያል። አፍንጫው ተሸርፏል።

ከዮሐንስ ይልቅ ልቤን የነካችው ግን አና ማክሊን ናት፣ የሴቶቹ ገዳም እመምኔት። በ1543 ሞተች። የመቃብር ድንጋይዋ ላይ ስሟ ከአባቷና ከአያቷ ስም ጋር ተጽፏል፤ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ ተብሎ፣ ልክ እኛ እንደምንጠራው። ካባ ለብሳ፣ እጇን አጣምራ ትጸልያለች። ከካባዋ ጫፍ ሥር ደግሞ በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ ውሾች አሉ። የቤት ውሾች ናቸው፣ አንገታቸው ላይ ማሰሪያ ያላቸው። የትልቅ ሰው ልጅ ውሾቿን ይዛ ገዳም ገባች፣ ቀራጩም አልተዋቸውም። ሥርዓት አክባሪ ሰው ይሄን አይቶ ይቆጣል። እኔ ግን ያ ቀዝቃዛ ቤት ውሾቹን ይዞ መታየቱ ደስ ብሎኛል።

በ1560 የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መጣ። ገዳማቱ ቀሩ፣ መሬቱ በማክሊኖች እጅ ገባ።

የመጨረሻው ክፍል በ1608 ይጀምራል። ንጉሡ ጄምስ ስድስተኛ ነው፣ አሁን እንግሊዝንም ይገዛል፣ የደሴቶቹ አለቆች ራስ ምታት ሆነውበታል። መል ደሴት ላይ ጠራቸው፣ በወኪሉ በኩል። ንግግሩ አለቀ። ወኪሉም ወደ ንጉሡ መርከብ ኑ፣ ጳጳሱ አንድሩ ኖክስ ስብከት ይሰጣሉ፣ ከዚያ ምሳ እንበላለን አላቸው። አለቆቹ ገቡ። መርከቡ መልሕቁን አነሳና ይዟቸው ሄደ! ደቡብ አወረዷቸውና በየግንቡ አሰሯቸው። ባሕር ላይ የኖሩ ሰዎች፣ በስብከት ተጠምደው፣ በመርከብ ተያዙ።

በሚቀጥለው ዓመት ተፈቱና ያው ጳጳስ ኖክስ ሰበሰባቸው። የት? አዮና ላይ። ሌላ ቦታ ቢሆን ፊርማው አይጸናም ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። የተስማሙባቸው አንቀጾች የአዮና ድንጋጌዎች ይባላሉ። የፈረሱ ቤተ ክርስቲያናት ይጠገኑ፣ ለቀሳውስቱ ይከፈል። ለጥቂት ዓመት በሙከራ መጋባት ይቅር። የአለቃ አጃቢ ይቀንስ። የወይን ጠጅና የውስኪ ንግድ ይቁም። ገጣሚዎች እየዞሩ አያወድሱ። አንዱ አንቀጽ ስለ ልጆች ነው፦ 60 ላም ያለው ሰው ሁሉ የበኩር ልጁን ወደ ስኮትላንድ ቆላው አገር ትምህርት ቤት ይላክ፣ እንግሊዝኛ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ እስኪችል። ወንድ ልጅ ከሌለው ሴት ልጁን።

በ1204 ጳጳሳቱ ግድግዳ ነው ያፈረሱት፣ ግድግዳ ደግሞ ተመልሶ ይሠራል። የ1609ኙ ጳጳስ ግድግዳ አልነካም። የነካው ልጁ ከአባቱ ጋር የሚያወራበትን ቋንቋ ነው።

ከተሰበሰቡት አለቆች መካከል የማኪነኖቹ አለቃም ነበረ። የመጣው በጀልባ ነው። የተሰበሰቡት የአያቶቹ ዘመድ አበምኔት በነበረበት፣ መርከብ የተቀረጸበት መስቀል በቆመበት ደሴት ነው። ስሙ ላክላን ነበር።